ወፍጮ ቤት ውስጥ የጠራሁት ሻምበል

አባቴ ማዕረግ ሰፊ ነበር። ደብረ ዘይት ላይ፣ ከአየር ኃይሉ በር ብዙ በማትርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመኮንኖችን ትከሻ ሲያስጌጥ ኖረ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ቁጭ ብዬ ኮከብ አቀብለው ነበር። አንድ ኮከብ ምክትል መቶ አለቃ፣ ሁለት ኮከብ መቶ አለቃ፣ ሦስት ኮከብ ሻምበል። የማባዛት ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ ይምታታብኛል፤ ይህ ግን አይምታታብኝም።

«ትከሻ አይተሽ የሰው ሥራ አወቅሁ እንዳትዪ» ይለኝ ነበር አባቴ፣ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ። ማዕረጉ ከምድር ጦር የመጣ ነው። እዚያ ሻምበል ማለት መቶ ምናምን እግረኛ ከኋላው የሚያስከትል አዛዥ ነው። አየር ኃይል ውስጥ ግን ሻምበል የተባለ ሁሉ ሰው አያዝም፤ ሻምበል የተባለ ሁሉም አይበርም። ምግብ ቤቱን የሚመራው ሻምበል ነው፣ የአየር ጠባይ የሚመዘግበው ሻምበል ነው፣ ሞተር የሚፈታውም ሻምበል ነው። አብራሪውን የሚለየው ደረቱ ላይ፣ ከግራ ኪሱ በላይ የሚሰፋው ክንፍ ነው። ክንፍ ሊሰፋ ሲቀመጥ አባቴ እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠብ ነበር።

የከተማችን ሰው ደግሞ መኮንንን በስሙ አይጠራም። ትናንት «መቶ አለቃ» ያልከውን ዛሬ «ሻምበል» ካላልከው ያኮርፍሃል። ሚስቱ የሻምበል ባለቤት፣ ውሻው የሻምበል ውሻ ነው። ጡረታ ቢወጣ፣ ቢባረር፣ መንግሥት ቢገለበጥ ልብሱን ያስረክባል እንጂ መጠሪያውን አያስረክብም። ሰውን በማዕረጉ መጥራት ለእኔ ጨዋነት ነበር፤ እናቴ በቁንጥጫ ያስተማረችኝ ጨዋነት። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

ደርግ ወድቆ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ብርሃነ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር አግብቼ መቐለ ገባሁ። የባሌ ቤተሰብ ቤት ቁሓ ነው፤ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ። ቤተሰብ ስል አንድ ሰው ማለቴ ነው፤ አማቼ ኣቦይ ሓጎስ፤ ኣቦይ አባቴ ማለት ነው። የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበሩ። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው። ሚስታቸውንና የመጨረሻ ልጃቸውን በጦርነቱ ጊዜ ገበያ ላይ አውሮፕላን ፈጃቸው። እሳቸው በቅሏቸውን ውሃ ሊያጠጡ ወደ ወንዙ ወርደው ስለነበር ተረፉ። በዚያ ቤት ያ ቀን ስም የለውም፤ «ያ ገበያ» ነው የሚባለው።

አውሮፕላን ሲመጣ ኣቦይ ሓጎስ ባሉበት ቦታ ቁጢጥ ብለው ራሳቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ቢሆኑም፣ ለቅሶ ላይ ቢሆኑም። ያውም የሚኖሩት አውሮፕላን ማረፊያ ሥር! «ለምን ከተማ ውስጥ፣ ዓዲ ሓቂ፣ ቤት አንከራይልዎም?» ብሎ ልጃቸው ቢለምናቸው «ሲመጡ ልያቸው» ብለው እምቢ አሉ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አላወቅሁም እንዳልል አውቃለሁ።

መቐለ ከገባሁ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቅዳሜ ቀን፣ ዐቢይ ጾም ሊያዝ ጥቂት ቀን ሲቀረው ስለሆነ ወፍጮ ቤቱ ሽሮ ሊያስፈጩ በመጡ ሴቶች ጢም ብሏል። ሞተሩ ደግሞ አመሉን አውጥቶ ቆሟል። ለአማቼ ምሳ ይዤ ገባሁ። ኣቦይ ሓጎስ ረጅም የብረት ዘንግ ይዘው ሞተሩን ደግፈዋል፤ ከሥሩ አንድ ሰው በጀርባው ተኝቶ ይፈታል።

«ኡስታ ተሾመ ይባላል» አሉኝ፤ መካኒክ ማለታቸው ነው። «የደርግ ምርኮኛ ነበር። አገሩ አልመለስ ብሎ እኛ ጋ ቀረ። እሱ ባይኖር ይህ ሞተር እስከ ዛሬ ዶሮ ማደሪያ ሆኖ ነበር።»

እንዲህ ያለ ምርኮኛ በዚያ ጊዜ ብዙ ነበር። ማንም ክፉ አይናገረውም። ወታደር ታዝዞ መጣ፣ ተማረከ፣ አለቀ። ሰውየው ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ግን አየሁት። የግራ ቅንድቡ መሐል ለመሐል ለሁለት ተከፍሏል። ይህን ቅንድብ አውቀዋለሁ! ሦስተኛዋን ኮከብ ሊያሰፋ አባቴ ሱቅ የመጣ ቀን ለእኔ ከረሜላ ሰጥቶኛል።

«ሻምበል!» አልኩ።

ቀና ብሎ አየኝና ራሱን በጣም በዝግታ ነቀነቀ። አንዲት ብልህ ሴት ብትሆን «ተይ» ማለቱ እንደሆነ ይገባት ነበር። እኔ ግን ያላወቀኝ መሰለኝና ድምፄን ጨመርኩ።

«ሻምበል ተሾመ! የሰፊው የአቶ ወርቁ ልጅ ነኝ እኮ! ኮከብዎን የሰፋነው እኛ! ደብረ ዘይት፣ አየር ኃይል!»

ሞተሩ ቢሠራ ኖሮ ማንም አይሰማኝም ነበር። ቆሞ ስለነበር ሁሉም ሰማኝ።

ከወደ ጥጉ አንዲት ሴት «እንታይ ኢላ?» አለች፤ ምን አለች ማለቷ ነው። ሌላዋ መለሰችላት። «ናይ ነፋሪት ሰብኣይ እዩ!» ነፋሪት አውሮፕላን ናት። የአውሮፕላን ሰው ነው አለቻት። ቃሉ ከጆንያ ጆንያ እየተሻገረ እስከ በሩ ሄደ። «ናይ ነፋሪት! ሻምበል! ናይ ነፋሪት!»

ኣቦይ ሓጎስ ወደ እኔ ዞሩ። «ጓለይ፣ ምን አልሽ?» ልጄ ሲሉኝ ነው። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

ያኔ ነው የገባኝ፤ ያኔማ ለማን ይጠቅማል?

መጀመሪያ የመታችው የጥጓ ሴትዮ ናት። የላስቲክ ጫማዋን አውልቃ ፊቱን መታችው፤ ደገመችው። «ደቀይ ኣበይ ኣለዉ?» ትላለች በእያንዳንዱ ምት፤ ልጆቼ የት አሉ? እሱ እጁን አላነሳም። ከዚያ ጆንያ ተሸካሚው ከሚዛኑ ላይ ብረቱን አንስቶ ትከሻውን ሲለው የአጥንት ድምፅ ሰማሁ። ወደቀ። ሲወድቅ ሁሉም ተረባረበበት። የተነቀለውን ቺንጊያ፣ ያንን ሞተሩን ከወፍጮው የሚያያይዘውን ሰፊ ቀበቶ፣ አንዱ ሁለት አጥፎ ይገርፈው ጀመር። እግሩን ይዘው ወደ ውጭ ሲጎትቱት ጭንቅላቱ የበሩን ደፍ መታ። ዱቄቱ ላይ የደም መስመር ቀረ።

«ተዉ! ተዉት!» እያልኩ ተከትዬ ወጣሁ። በአማርኛ ነው የምጮኸው፤ ለዚያች ሰዓት የማይሆን ቋንቋ። ከመንገድ ሌላ ሰው መጣ፣ ከመንገዱ ማዶ ሌላ። ምን እንዳደረገ ለሚጠይቅ አንድ መልስ ብቻ ይሰጠዋል። «ያ ገበያ ላይ የጣለው ነው።» በእኔ አንድ ቃል የጀመረው ነገር መቶ እርምጃ ሳይሄድ ሰውየውን አብራሪ አድርጎት፣ አውሮፕላኑን አስነስቶ፣ ቦምቡን አስጥሎታል።

አንድ ሰው የሞተሩን ናፍጣ በጀሪካን ይዞ ወጣ።

ናፍጣው ራሱ ላይ ሲፈስ ተሾመ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸ። ቁስሉ ውስጥ ገብቶ አቃጠለው መሰለኝ። «ክብሪት!» አለ ሰውየው። እጁን ወደ ኪሱ የሚሰድ አየሁ፤ ሁለት፣ ሦስት ሰው። ኣቦይ ሓጎስ በሩ ላይ ቆመዋል። የብረት ዘንጉ በእጃቸው ነው። አይንቀሳቀሱም።

እኔ ጀግና አይደለሁም። በረሮ ካየሁ አልጋ ላይ የምወጣ ሰው ነኝ። ግን ሰውየው እንዲቃጠል የጠራሁት እኔ ነኝ፤ ይህን እያሰብኩ ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ሄጄ ላዩ ላይ ወደቅሁበት። ናፍጣው ቀሚሴን አራሰው። «ተነሺ!» የሚል ድምፅ፣ ከዚያ ድንጋይ። ማን እንደወረወረው አላውቅም። አፌ ውስጥ የሆነ ነገር ተሰባበረ፤ ስተፋ ሁለት የፊት ጥርሶቼ ከደም ጋር ወጡ። ምላሴ ላጠፋው ጥርሴ ተቀጣ።

«ኣቦይ!» ብዬ ጮኽኩ። «ክንፍ የለውም!»

«ምን ክንፍ?» አሉኝ።

ተነሥቼ ተንበረከክሁ። ጥርስ በሌለው አፍ፣ ደም እየዋጥኩ፣ የአባቴን ትምህርት መናገር ጀመርኩ። ሻምበል ማለት አብራሪ ማለት አይደለም። ሻምበል የትከሻ ነው፤ ለአብሳዩም ለሞተር ጠጋኙም ይሰጣል። የሚበር ሰው ደረቱ ላይ ክንፍ ይሰፋለታል። «የዚህን ሰው ልብስ አባቴ ሲሰፋ እኔ ነኝ ክሩን ያቀበልኩት። ክንፍ አልነበረውም። አልበረረም፣ ኣቦይ። አንድም ቀን አልበረረም!»

«በማርያም ምለሽ ተናገሪ።»

«በማርያም!»

ክብሪቱን የያዘው ሰው ሽማግሌውን አየ። ኣቦይ ሓጎስ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፉና ወደ እኛ መጡ። ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው ናፍጣ የተነከረው ሰው ላይ ጣሉት። «ይኣክል» አሉ፤ ይበቃል። የሽማግሌ ጋቢ የወደቀበትን ሰው መምታት ሽማግሌውን መምታት ነው። ሁሉም ያውቃል። ሴትዮዋ መሬት ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ታቅፋ አለቀሰች። ሌላው እያጉረመረመ መንገድ ለቀቀ።

ቤት አመጣነው። ግቢው ውስጥ ድንጋይ ላይ አስቀመጥነውና እኔ ውሃ እያፈሰስኩ ኣቦይ ሓጎስ በሳሙና አጠቡት። አንድ ትከሻው ወድቋል፣ ጆሮው ግማሽ ተሰንጥቋል። «ይቅር በሉኝ፣ ሻምበል» አልኩት። እንደገና! አያችሁ፣ እንደገና አልኩት። እሱ በእብጠቱ መሐል ፈገግ ለማለት ሞከረ።

እንደጨረሱ ሽማግሌው ጋቢውን መልሰው አለበሱትና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ።

«ክንፍ አልነበረህም» አሉት።

«አልነበረኝም።»

«ታዲያ ሥራህ ምን ነበር?»

«ሞተር» በል፣ አልኩ በልቤ። ሞተር በል! ዓመታት ሙሉ ሞተር ስትጠግን ያዩህ ሰው ናቸው፤ ያምኑሃል። ተሾመ ወደ መሬት አየ።

«መሣሪያ ክፍል ነበርኩ» አለ። «ቦምብ እሰቅል ነበር። ከአውሮፕላኑ ክንፍ ሥር።»

«በዚያ ገበያ ጊዜ የት ነበርክ?»

«አስመራ።»

«ሰቅለሃል?»

«በዚያ ሰሞን በየቀኑ እሰቅል ነበር። የት እንደሚወድቅ አይነግሩንም። አውሮፕላኑ ባዶውን ሲመለስ እንደገና እንሰቅላለን።» ቀና ብሎ አያቸው። «አብራሪ አይደለሁም። ግን የእርስዎን እንጀራ ስበላ ሁልጊዜ ይህን አስባለሁ። ከዛሬ ወዲያ ልደብቅዎ አልችልም፣ ኣቦይ።»

ኣቦይ ሓጎስ ተነሥተው ጓዳ ገቡ። ሲመለሱ ድንጋይ መፍለጫውን መዶሻ ይዘዋል።

«በየትኛው እጅህ?» አሉት።

«በሁለቱም።»

«ኣቦይ፣ በማርያም!» ብዬ እግራቸውን ያዝኩ። በእግራቸው ገፉኝ፤ ያን ቀን ብቻ ነው በክፉ የነኩኝ። ተሾመ ሁለት እጆቹን ድንጋዩ ላይ ዘረጋ። አልለመነም፣ ዓይኑንም አልጨፈነም። መዶሻው ወረደ። ቀኝ እጁ ላይ። ያ ድምፅ ዛሬም ቡና ሲወቀጥ ይመጣብኛል። ተሾመ ከወገቡ እጥፍ ብሎ አቃሰተ፤ ግራ እጁን ግን ከድንጋዩ ላይ አላነሳም። ኣቦይ ሓጎስ መዶሻውን እንደገና ከፍ አደረጉ። ፊታቸው በእንባ ርሷል።

በዚህ ጊዜ የከሰዓቱ አውሮፕላን መጣ።

ከቤታችን በላይ ዝቅ ብሎ ነው ሁልጊዜ የሚያልፈው፤ ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። መዶሻው ከእጃቸው ወደቀ። ሽማግሌው እንደ ልማዳቸው ቁጢጥ ብለው ራሳቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ከመሬቱ ጋር አንድ ለመሆን የሚፈልጉ ይመስላሉ። ተሾመ በግራ እጁ ያንን ናፍጣ የጠጣ ጋቢ ከራሱ ላይ ገፎ ሽማግሌው ላይ ጣለው። አጠገባቸው ተንበረከከ። የተሰበረ እጁን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ጆሮውን ወደ ሰማይ አቅንቶ አዳመጠ።

«የመንገደኛ ነው፣ ኣቦይ» አላቸው። «የሞተሩን ድምፅ ይስሙት፤ ቀንሷል። ሊያርፍ ነው። የመንገደኛ ነው።»

ድምፁ ራቀ። ከጋቢው ውስጥ ሽማግሌው እንዲህ ሲሉ ሰማሁ።

«በድምፁ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

እጁን ያሰሩለት ራሳቸው ናቸው፤ ነጠላዬን ቀደው በሁለት እንጨት መሐል። ከዚያ እኔን ልከው ጋሪ አስጠርተው ሐኪም ቤት ወሰዱት። ለሐኪሙ ምን እንደሆነ የነገሩትም እሳቸው ናቸው። «እኔ ነኝ የሰበርኩት» አሉ።

ታሪኩ በዕርቅ አለቀ ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ ብርሃነ ማታ ከመንገድ ሲገባ ሁሉን ነገርኩት፤ ወጥቶ መኪናው ውስጥ አደረ። ከተሾመ ጋር እስከ ዛሬ አንድ ገበታ ቀርቦ አያውቅም። ከእኔም ጋር ለመነጋገር ወራት ፈጀበት። አልፈረድኩበትም። ገበያው ላይ ያለቁት እናቱና እህቱ ናቸው።

ኣቦይ ሓጎስ ግን ሌላ ነገር አደረጉ። የተሾመ ቀኝ እጅ እንደገና መፍቻ የሚይዝ አልሆነም። ሞተሩ ደግሞ ለሰው አያዝንም፤ ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እንደቆመ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌው ተሾመን አስጠሩት። እሱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ «ያንን ይፍቱ፣ ይህን ያጥብቁ፣ ወደ ግራ» ይላል፤ እሳቸው በጀርባቸው ተኝተው ዘይት ፊታቸው ላይ እየተንጠባጠበ ይፈታሉ። ሴቶቹ ወረፋ ይዘው ያያሉ። ያቺ ባለጫማዋ ሴትዮም መጣች፤ ስታየው ፊቷን አዞረች እንጂ አልመታችውም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደግሞ «ኡስታ» ማለቱን ተዉት። በሰው ፊት፣ በገበያ፣ በቤተ ክርስቲያን ደጅ «ሻምበል» እያሉ ጠሩት። በመጀመሪያ ጭካኔ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ተደብቆ አይኖርም» አሉኝ። «እኔም አልረሳም፣ እሱም አይረሳም። ከረሳን የምንገዳደል ያኔ ነው።» አውሮፕላን ሲመጣ ያኔም ቁጢጥ ይሉ ነበር፤ ግን ከዚያው ሆነው ይጣራሉ። «ሻምበል፣ ምንድን ነው?» እሱ ያዳምጥና ይመልሳል።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ሰው አየሁ ብዬ ተንደርድሬ አልጠራም። መጀመሪያ ፊቱን አያለሁ፣ ቀጥሎ ዙሪያውን። አንድ ሰው መጠሪያውን ትቶ የሚኖር ከሆነ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ የእናንተ አይደለም። ሌላም የተማርኩት አለ። በማርያም የማልኩት እውነት ነበር፤ ክንፍ አልነበረውም። ግን ሰውየው ያልሠራውን እያወቅሁ የሠራውን አላውቅም ነበር። አባቴም ያስጠነቀቀኝ ይህንኑ ነበር፤ እኔ የሰማሁት ግማሹን ብቻ ነው። እናንተም «እሱ እኮ እንዲህ ነው» ልትሉ ስትነሡ ይህችን የጥርሴን ክፍተት አስቡልኝ። አሁንማ ሰው ሠራሽ ተተክሎልኛል፤ «ሻምበል» ስል ግን እስካሁን ያፏጫል።

ኣቦይ ሓጎስ የድንበሩ ጦርነት ሳይነሣ አረፉ። እንኳንም አላዩት። ሲቀበሩ ተሾመ ከቃሬዛው አንዱን ጫፍ በግራ እጁ ይዟል፤ ባሌ ሌላውን ጫፍ ይዞ፣ ሳይተያዩ ሄዱ። ወፍጮ ቤቱን አሁን የማስተዳድረው እኔ ነኝ። የሽማግሌው በርጩማ ከሞተሩ አጠገብ እንደተቀመጠ ነው፤ ማንም አይቀመጥበትም። አውሮፕላን ሲያልፍ ተሾመ ሥራውን ያቆምና ያዳምጣል። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀው ወደ በርጩማው ዞሮ «የመንገደኛ ነው፣ ኣቦይ» ይላል።